ደብተሩ አለ፣ መድኃኒቱ የለም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ያነሳሉ። ገንዘብ የሌለው፣ መድን የሌለው፣ ወይም መድን ኖሮት መድኃኒት ያጣ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ ምን ያጋጥመዋል? ምን ቢስተካከል ይሻላል? እኔ በነርስነት እድሜዬን የገፋሁት ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፤ በተመላላሽ ክፍልም በክትትል ክፍልም ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጫለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም።

ሲስተር፣ እንደምን አሉ? እኔ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። እናቴ ደቡብ ወሎ ገጠር ናት። ስኳርና ግፊት አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። የጤና መድን ደብተር አላት፤ በየዓመቱ የምከፍልላት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን ይመረምሯትና «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ይሏታል። ከተማ ወርዳ ከግል ፋርማሲ ትገዛለች። መድኑንም እከፍላለሁ፣ መድኃኒቱንም እከፍላለሁ። ጎረቤቶቿ ሰልችቷቸው ትተውታል። እኔም ዘንድሮ ላቋርጠው ነው። ምን ይላሉ?

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ለአንድ ነገር ሁለት ጊዜ መክፈል ማንንም ያበግናል፤ ያውም በሰው አገር ለፍተሽ ባገኘሽው ገንዘብ። ግን እባክሽ አታቋርጪው።

ምክንያቴ ይኸውልሽ። ስኳር ያለበት ሰው ወጪው የወር መድኃኒት ብቻ አይደለም። አንድ ቀን እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ይወጣል። ወይም ስኳሩ አሻቅቦ ራሷን ትስታለች። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ሆስፒታል ይልካታል። አልጋው፣ ላብራቶሪው፣ ካስፈለገም ኦፕራሲዮኑ ሲደመር ብዙ ብር ነው። በገጠር በሬ የሚሸጠው፣ መሬት ለሰው የሚከራየው እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው። የዓመቱ መዋጮ የሚያድናችሁ ከዚህ ነው። ለሷ ብቻ ሳይሆን በደብተሩ ላይ ለተመዘገበው ቤተሰብ በሙሉ ነው።

ታዲያ ሆስፒታል የሚኬደው በጤና ጣቢያው በኩል መሆኑን ንገሪያት። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ መሄድ ያስከፍላል። መድኑ በሙከራ ላይ በነበረበት ጊዜ እንኳ ያለ ሪፈር ሆስፒታል የሄደ አባል የሕክምናውን ግማሽ ከኪሱ እንዲከፍል ይደረግ ነበር። ድንገተኛ ከሆነ ሌላ ነው፤ ማንም ሰው ሊሞት እያጣጣረ ወረቀት አይፈልግም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። «የለም» የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ ብታውቂ ማንን መጠየቅ እንዳለብሽም ታውቂያለሽ።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩ። ተሁለደሬ እናትሽ አገር ደቡብ ወሎ ውስጥ ስለሆነ፣ የዚያ አካባቢ ሰው መድኑን ገና ከጠዋቱ ያውቀዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአባላቱ መዋጮና መንግሥት የሚጨምረው ድጎማ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ቋቱ በብዙ ቦታ የወረዳው ነው። እናትሽ ታክማ ስትወጣ ከኪሷ አትከፍልም፤ ጤና ጣቢያው ሒሳቧን ይመዘግባል። ከዚያ የሁሉንም ታካሚ ሒሳብ አጠራቅሞ ለመድኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ያጣራል፣ ይመረምራል፣ ከዚያ ይከፍላል።

ችግሩ ያለው በዚህ መሀል ነው። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱን ለአባላት ሰጥቷል፤ ብሩ ግን ገና አልመጣም። መደርደሪያው ሲጎድል መሙላት ያለበት በራሱ ገንዘብ ነው። ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ ያለውንና የጎደለውን ቆጥረው ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይጠይቃሉ። ገንዘብ ከሌለ የጠየቁትን ማንሳት አይችሉም። አንዳንዴም ገንዘብ ኖሮ አቅራቢው ጋ መድኃኒቱ አይኖርም። በሁለቱም መንገድ እናትሽ የምትሰማው አንድ ቃል ነው። «የለም።»

ከዚህ የከፋም አለ። ወዲያው የሚከፍል ታካሚ ለጤና ጣቢያው የእጅ በእጅ ገንዘብ ነው፤ የመድን ታካሚ ግን ዱቤ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ካርድ ክፍል ላይ «መድን ነሽ ወይስ በካሽ?» የሚባለው ጥያቄ ለመዝገብ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ሳያስበው ፊቱ ይለወጣል። ታካሚዋ ይህን ታያለች። ቤቷ ሄዳ ለጎረቤት ትናገራለች። በሚቀጥለው ዓመት ጎረቤት አያድስም። የሚቀረው በጠና የታመመው ብቻ ይሆናል። ጤነኛው ከወጣ ቋቱ ይደርቃል፤ ቋቱ ሲደርቅ ክፍያው ይበልጥ ይዘገያል። የእናትሽ ጎረቤቶች የተዉት በዚህ ነው። አልፈርድባቸውም።

እኔ ቢቻል ሁለት ነገር ዛሬውኑ እንዲለወጥ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያው ካለፈው ተሞክሮ ተነስቶ የተወሰነውን ገንዘብ ቀድሞ ያግኝ፤ ማጣራቱ ከኋላ ይድረስ። መድኃኒት በቅድሚያ ተገዝቶ ሕመምተኛ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ክፍያውም ይህን መከተል አለበት። ሁለተኛ፣ ቋቱ ከወረዳ ከፍ ይበል፣ በዞን ወይም በክልል ደረጃ ይሁን። አንድ ወረዳ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ ሲመታው ብቻውን ምን ያህል ይችላል? ጎረቤት ወረዳ ካልደገፈው ቋቱ በአንድ ክረምት ባዶ ይቀራል። መድን ማለት ደግሞ መደጋገፍ ነው፤ በወረዳ ድንበር የሚቆም ከሆነ የሚደጋገፉት ድሃና ድሃ ናቸው።

እስከዚያው እናትሽ ምን ታድርግ?

መድኃኒት የለም ስትባል ሐኪሟ ጋ ተመልሳ ትግባና «ያለው የቱ ነው?» ትበል። ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ለግፊት ለምሳሌ አምሎዲፒን ከጠፋ ሌላ ሊሆናት የሚችል መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ሊኖር ይችላል። መቀየር ያለበት ግን ሐኪሙ ነው፣ እሷ ራሷ አይደለችም። እኔ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ የፋርማሲ ባለሙያዋ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ገጽ ላይ ያለውንና የሌለውን ጽፋ በየክፍሉ ትሰጠን ነበር። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር እንለጥፋታለን። የሌለ መድኃኒት መጻፍ ቀረ። ሰው ማዘዣ ይዞ ከመስኮት መስኮት መንከራተቱም ቀነሰ። ምንም በጀት አልጠየቀም፤ የጠየቀው ልበ ቅን ባለሙያ ነው።

ከውጭ እንድትገዛ ከተላከችም ማዘዣው ላይ «በተቋሙ የለም» ብለው እንዲጽፉና ማኅተም እንዲያደርጉበት ትጠይቅ። ደረሰኙንም ትያዝ። በአንዳንድ ወረዳ ይህ ተይዞ ሲቀርብ ገንዘቡ ይመለሳል፤ በሌላው አይመለስም፣ አሠራሩ ይለያያል። ባይመለስ እንኳ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለቅሬታ ማስረጃ ነው። በቃል «የለም ብለውኛል» ማለት ግን ነፋስ ይወስደዋል።

ስለ ኢንሱሊኑ ደግሞ፣ እናትሽ ፍሪጅ እንደሌላት እገምታለሁ። ያልተከፈተው ብልቃጥ በደንብ በታሰረ ፌስታል ተደርጎ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ይቀመጥ። ያ ማሰሮ ከሱ በሚሰፋ ሌላ ማሰሮ ውስጥ ይግባ፤ በሁለቱ መሀል አሸዋ ይሞላና አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይርከፍከፍበት። አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ቦታው ከምድጃው ራቅ ያለ፣ ጥላና ነፋሻ ይሁን። የተከፈተው ብልቃጥ ካልሞቀ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያታል፤ የተከፈተበትን ቀን ልጅ ይጻፍበት። ደመናማ መሆን የሌለበት ዓይነት ከደፈረሰ፣ ወይም እያሹት የማይቀላቀል ጓል ካለው ይጣል። እግሯንም ማታ ማታ በጣቶቿ መሀል ሳይቀር የምታይላት ሰው ትኑር። ባዶ እግሯን አትሂድ። ኢንሱሊን አለቀ ብላ መጾም ወይም መጠኑን ለሁለት ቀን ማካፈል የለባትም፤ ይህን ያደረጉ እናቶች ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ አይቻለሁ።

ብር ስትልኪም የእድሳቱን ገንዘብ ለይተሽ ወቅቱ ሳያልፍ ላኪ። ምዝገባው ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። ካለፈ አለፈ ነው።

ሲስተር፣ ከጎጃም የመጣሁ የቀን ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ሕንጻ ላይ ሲሚንቶ እሸከማለሁ። ሳል ከያዘኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሌሊት በላብ እጠመቃለሁ። ቀበቶዬ ሰፍቶኛል። የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው። የአዲስ አበባ መታወቂያ የለኝም፣ መድንም የለኝም። ጤና ጣቢያ ብሄድ «ነዋሪ አይደለህም» ብለው ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ፋርማሲ ሄጄ የሳል ሽሮፕ ገዝቼ ነበር፣ አልተሻለኝም።

ወንድሜ፣ ይህን እንዳነበብክ ነገ ጠዋት ሂድ። አንድ ቀን ሥራ ይቅርብህ።

አጠገብህ ያለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ገብተህ ካርድ ክፍል ላይ እንዲህ በል፦ «ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶብኛል፣ ሌሊት ያልበኛል፣ ከስቻለሁ።» ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግህም። ይህን የሰማ ባለሙያ ቲቢ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ግዴታው ነው። የቲቢ ምርመራና ሕክምና በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋም ነጻ ነው። ለአባል ብቻ አይደለም፣ ለነዋሪ ብቻም አይደለም። የአንተ ሳል ነዋሪውንም ይይዛል፤ ነጻ የተደረገውም ለዚህ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ሰው ሳይገባው ቢመልስህ ከበሩ አትውጣ። የቲቢ ክፍሉ የት እንደሆነ ጠይቅና በቀጥታ እዚያ ግባ።

አክታ ስጥ ይሉሃል። ጠዋት ከእንቅልፍህ ስትነሳ ከደረትህ የምታወጣው ይሻላል፤ ምራቅ አይሆንም። የኤች አይ ቪ ምርመራም አብረው ይጠይቁሃል፤ እሱም ነጻ ነው፣ ተመርመር። ቲቢ ነው ከተባልክ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ነው። በሳምንታት ውስጥ ይሻልሃል፣ ጉልበትህ ይመለሳል። አደገኛው ጊዜ ያኔ ነው፤ ድኛለሁ ብለህ እንዳታቋርጥ። ያቋረጠ ሰው ቲቢው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስበት ይችላል።

መድኃኒቱን የምትወስድበትን ጤና ጣቢያ ስትመርጥ የምታድርበትን ወይም የምትሠራበትን አጠገብ አድርግ። ሕንጻው አልቆ ወደ ሌላ ሳይት ብትሄድ፣ ወይም ለአጨዳ አገርህ ብትገባ ዝም ብለህ አትጥፋ። የዝውውር ወረቀት ይሰጡሃል፤ እሱን ይዘህ በሄድክበት ትቀጥላለህ። አብረውህ የሚተኙትን ሰባቱንም ይዘሃቸው ሂድ። እስከዚያ መስኮት ይከፈት፣ ስትስል በክንድህ ወይም በጨርቅ ሸፍን።

ይህን ለሌሎችም ማለት እፈልጋለሁ። መታወቂያም መድንም ሳይኖር በነጻ የሚሰጥ ሌላም አገልግሎት አለ። የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ መውለድ፣ ከወሊድ በኋላ ያለው ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሕጻናት ክትባት፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና ነጻ ናቸው። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ነፍሰ ጡር ልጅ «ብር የለኝም» ብላ ቤት ውስጥ እንዳታምጥ። አሠሪዎቿም ይህን እወቁ።

ከነጻው ውጭ የሆነውስ? ጨጓራው፣ ወገቡ፣ ከመሰላል ወድቆ የተሰበረው እጅ? እዚያ ላይ እውነቱን ልናገር፣ የአንተ ዓይነት ሰው የት ይግባ የሚለው አልተመለሰም። መድኑ የተሠራው ለቤተሰብ ነው፤ አባወራ ወይም እማወራ፣ የቤት ቁጥር፣ የወረዳ መታወቂያ ይፈልጋል። አንተ ቤት ቁጥርህ አገር ቤት ነው፣ ሰውነትህ እዚህ ነው። የከተማ ጤና ጣቢያ ሲታቀድ ለ40,000 ሰው ተብሎ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ሳይት የሚሄደውን ማን ይቆጥረዋል?

መቁጠር ይቻላል ባይ ነኝ። አዲስ አበባ ላይ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል አሠራር አለ። ነርሷ፣ ጤና መኮንኑና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቡድን ሆነው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ድሃውንና ሕመም የበረታበትን ለይተው ያስቀድማሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቀን ቤት ቢያንኳኩ አንተን አያገኙህም። አንተ የምትገኘው ሳይት ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከባልደረቦቼ ጋር ሥራ ሳይጀመር ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አንድ ሳይት ሄደን ነበር። አሸዋ ክምሩ አጠገብ ሁለት ብሎኬት ላይ ጣውላ ጋድመን የግፊት መለኪያውን አስቀመጥን። ልጆቹ መጀመሪያ ራቅ ብለው ቆሙ። ፎርማኑ ክንዱን ሲሰጠን ተሰለፉ። ሲሚንቶ የበላው እጅ ስይዝ ነበር የቆየሁት፤ መዳፋቸው ተሰነጣጥቆ ደም ያረገዘ ነበር። ሳል ያለባቸውን በስማቸው ጻፍናቸውና ለአክታ ምርመራ ቀጠርናቸው። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሁሉም ሥራ ገቡ። ማንም የቀን ገቢው አልተነካም። ይህ በየሳይቱ በመደበኛነት ቢደረግ፣ ኮንትራክተሩም ሠራተኛውን በሳይቱ አድራሻ አስመዝግቦ የመድን መዋጮውን ቢያዋጣ፣ የቤት ቁጥር መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን እንደ አንድ ግዴታ ቢያስገባው ደስ ይለኛል።

ለተከበሩ ሲስተር። እኔ ደብረ ብርሃን የአንድ እድር ዳኛ ነኝ። ወጣቶቹ አባላት «ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከምንጥል በሕይወት ሳለ እናሳክመው» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ «የእድር ገንዘብ የቀብር ነው፣ ከተነካ ያልቃል» ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። አባሎቻችን ውስጥ መድን መክፈል የማይችሉ አሉ። እድሩ ምን ቢያደርግ ይሻላል?

ጋሽዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። በጣም ደስ ብሎኛል።

ሽማግሌዎቹ የፈሩት ትክክል ነው። እድሩ «የታመመ ሁሉ ይምጣ፣ እናሳክማለን» ካለ በአንድ ከባድ ሕመም ካዝናው ይራቆታል። ማሳከሙን ለመድኑ ይተዉት። የእድሩ ሥራ ሰዎቹን መድኑ ውስጥ ማስገባት ይሁን። ይህ ወጪው የታወቀ ነው፤ የሰው ቁጥር በመዋጮው ማባዛት ነው።

እንዴት? መጀመሪያ አባሎቻችሁን ለይታችሁ እዩ። ፈጽሞ የሌላቸው ካሉ መንግሥት የሚከፍልላቸው አሠራር አለ። መክፈል የማይችሉ ሰዎች በቀበሌ ተለይተው፣ ዝርዝሩ ለሕዝብ ቀርቦ ይመዘገባሉ፤ መዋጯቸውን ክልልና ወረዳ ይሸፍናሉ። እዚህ ላይ እድሩ ትልቅ ሥራ አለው። በዚያ ምርጫ የሚሳሳቱት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ሰዎች ላይ ነው። የጭቃ ቤት ያላቸው ሽማግሌ «ቤት አላቸው» ተብለው ይዘለላሉ፤ ቤቱ ግን አይበላም። በኪራይ ክፍል የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ስብሰባ ስለማትመጣ ማንም አያነሳትም። ልጁ አረብ አገር ነው የተባለ ሰው ይሰረዛል፤ ልጁ ከጠፋ ግን ቆይቷል። ኮታው ደግሞ ጠባብ ነው፤ በጀቱ ለተወሰነ ሰው ብቻ ይበቃል። በየቤቱ ምን እንዳለ የሚያውቀው እድር ነው፣ በተለይ የሴቶች እድር። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ የማን ምድጃ ሳይነድ እንዳደረ ያውቃሉ። ስብሰባው ላይ ሁለት ሴቶች ወክላችሁ ላኩ፣ በስም ይናገሩ።

ከዚያ በላይ ያሉት፣ ማለትም የድሃ ድሃ የማይባሉ ግን የሚቸገሩት፣ እንደ እኔ አስተያየት ከሁሉም የተረሱት እነሱ ናቸው። ሊስትሮው፣ የጉልት ሻጯ፣ የጡረታ ገንዘብ የማይበቃው። ገንዘብ ፈጽሞ አጥተው አይደለም፣ በአንድ ጊዜ ሞልቶላቸው አያውቅም እንጂ። መዋጮው ደግሞ በዓመት አንዴ ነው የሚጠየቀው። እድሩ እዚህ ይግባ፦ ከወርኃዊው የእድር ክፍያ ጋር ትንሽ ትንሽ ይሰብስብላቸውና የምዝገባው ወቅት ሲደርስ በአንድነት ይክፈልላቸው። ገንዘቡ ለየት ባለ ደብተርና ሒሳብ ይቀመጥ፣ ከቀብሩ ጋር አይቀላቀል። ያኔ ሽማግሌዎቹም ይረጋሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የታመመውን ብቻ መርጣችሁ አታስገቡ። ጤነኛውም ይግባ። ካልሆነ ከላይ ለኩዌቷ እህቴ የነገርኳት ነገር በእናንተም ከተማ ይደርሳል።

ሌላው፣ ከፍላችሁ ብቻ አትቀመጡ። ጤና ጣቢያዎች ቦርድ አላቸው፤ ከ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ማሻሻያ ወዲህ ጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገንዘብ ራሳቸው ጋ አስቀርተው ለአገልግሎታቸው እንዲያውሉት የሚያስችል አሠራር መጥቷል፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። ነዋሪው ጤና ጣቢያውን ነጥብ የሚሰጥበት ስብሰባም ይደረጋል። በእነዚህ ላይ እድሩን ወክሎ የሚገባ ሰው «ካለፈው ስብሰባ ወዲህ የትኞቹ መድኃኒቶች ጠፍተው ነበር? ለስንት ቀን?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝ። የመድኃኒት ሒሳብ በግልጽ መያዝ የሚቻል ነገር ነው። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው አሠራር ለታካሚው የመድኃኒቱን ስም፣ ብዛትና ዋጋ ዘርዝሮ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ የገባውንና የወጣውን ለኦዲት ክፍት የሚያደርግ ነው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ሄዷል። የእናንተ ጤና ጣቢያ እዚያ ደረጃ ላይ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሲስተር፣ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ቤት ለቤት ስዞር ግፊት እለካለሁ። ከፍ ያለባቸውን ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ግማሾቹ አይሄዱም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። የሄዱትም አንድ ወር መድኃኒት ወስደው ያቆማሉ። ያለ መድኃኒት መለካቱ ምን ይጠቅማል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ ደግሞም ልክ ነሽ። የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዋናው ሥራ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ የእናቶች ጤና፣ ወባ ነበር። ሁለት ሴቶች ለአንድ ቀበሌ ተመደቡ፣ ብዙ ሕጻናትም ተረፉ። አሁን ግን በየቤቱ የምታገኚው ግፊትና ስኳር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የአሥራ አምስት ዓመት ፍኖተ ካርታ ራቅ ያሉ ጤና ኬላዎች ሰፋ ያለ አገልግሎት እንዲሰጡና ነርስና ጤና መኮንን እንዲመደብባቸው ያስባል። ያንቺ ኬላ ተራው እስኪደርስ ግን እነዚያ ሰዎች እየጠበቁ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ለግፊትና ለስኳር ብቻ አንድ ደብተር ለይ። ስም፣ ጎጥ፣ የመጨረሻ ልኬት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የሚያልቅበት ቀን። የመጨረሻዋ ረድፍ ዋና ናት። በየወሩ ለስብሰባ ጤና ጣቢያ ስትወርጂ በዚያ ወር የሚያልቅባቸውን ስም ዝርዝር ለክትትል ክፍሉ ስጪ። ግፊታቸው የተረጋጋና ሐኪሙ የፈቀደላቸው ሰዎች መድኃኒታቸው በየስማቸው ታሽጎ ከማዘዣው ጋር በጤና ጣቢያው ባለሙያ እጅ ወደ ኬላው ይምጣ፤ የጤና ጣቢያው ሰዎች ለድጋፍ ወደ አንቺ መውጣታቸው አይቀርም። ቀኑን ከገበያ ቀን ጋር አገናኙት፤ ሰው ለገበያ ሲወጣ ኬላው ጎራ ይላል። ባለሙያው ይለካቸዋል፣ ያያቸዋል፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ይሰጣቸዋል። ልኬቱ የከፋበትን ብቻ ወደ ታች ይወስዳል።

ይህን ብቻሽን አትጀምሪው፤ መድኃኒት በራስሽ ውሳኔ ብትሰጪ ተጠያቂነቱ ይከብድሻል። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቢ። ስንት ሰው እንዳለሽ፣ ስንቱ እንዳቋረጠ፣ ከየትኛው ጎጥ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጻፊበት። ኃላፊው ቢዘገይብሽ ግልባጩን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ለቦርዱ አድርጊ። ያቋረጡትን ስትጠይቂም «ለምን አቆምክ?» ከማለት «ስንት ኪኒን ቀረህ?» በያቸው። ካርቶኑን አምጥተው ያሳዩሻል፤ መቼ እንዳቆሙ ከዚያ ትቆጥሪያለሽ።